አያቴ «እኔን» ሲሉ

ሸዋሮቢት ላይ ልጅ ሳለሁ፣ ከመግሪብ በኋላ ሙቀቱ ቤት ስለማያስቀምጥ አልጋችን ደጅ ይወጣ ነበር። አያቴ ለወባ ትንኝ ብለው ኩበት ያጨሱና፣ እኛ በጭሱ ዓይናችን እያለቀሰ፣ ፍሙን በጭራሮ እየቆሰቆሱ ተረት ይነግሩናል። ተረታቸው ቀልድ አያውቅም። አንድ ገበሬ አህያው አልሄድ ብትለው ተናዶ «ድንጋይ ሁኚ» ይላታል፤ ለካ ዱዓ የሚደርስበት ሰዓት ኖሯል፣ አህያዪቱ ከነጭነቷ እዚያው ድንጋይ ሆና ቀረች። «አፋችሁን ጠብቁ፤ ሰዓቱ አይታወቅም» ይሉን ነበር። እኔ ደግሞ ያኔ የነገሩኝን ሁሉ አምናለሁ።

አንድ ቀን ሽንኩርት ከጫነ ጋሪ ላይ ስዘል አስፋልቱ ላይ በጉልበቴ ወደቅኩ። ጉልበቴ ተላጠ። አያቴ ከደጃፍ አይተውኝ «እኔን! እኔን ልጄን!» እያሉ መጥተው ተሸክመው አስገቡኝ። በማግስቱ ማታ ግን እሳቸው ራሳቸው ከአልጋው ሊነሱ ሲሉ ጉልበታቸውን ይዘው «ያ አላህ» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ክው አልኩ። ለምነው ተሰጣቸው ማለት ነው፤ በኔ የተነሳ።

ከዚያ ወዲያ ቃሉን እንዳይደግሙት ሕመሜን ደበቅኩ። ጉልበቴ እንደ ዳቦ ኩፍ ቢልም በረጅም ቀሚሴ ሸፍኜ፣ እሳቸው ሲያዩኝ ሳላነክስ እሄዳለሁ፤ ዞር ሲሉ ግድግዳ እይዛለሁ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ትኩሳት ይዞኝ እግሬን መዘርጋት አቃተኝ። አያቴ ቀሚሴን ገለጥ አድርገው ጉልበቴን ሲያዩ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ፣ በእጄ ከደንኩት።

«አይበሉ አባባ። አንቱም መሄድ ያቅተዎታል።»

ነገሩ ሲገባቸው ሊስቁ ሞከሩ፣ ግን ሳቁ አልወጣላቸውም።

«አንቺ ሞኝ፣ የኔን ጉልበት እኮ ቁርጥማት የያዘው ገና ሳትወለጂ ነው። እኔን ማለት አፍ የለመደው ነው እንጂ አይደርስም» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ ቀስ ብለው «ምነው በደረሰ» አሉ።

አንድ ጎረቤት «ጉልበቷን ወጌሻ ይሽላት» ሲል አያቴ «ያበጠና ያተኮሰ አይታሽም» ብለው ተቆጡና በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ቁስሉ መግል ይዞ ነበር። ትንሽ ብንቆይ እግሬ እንደታጠፈ ሊቀር ይችል እንደነበር ሐኪሟ ስትነግራቸው እጄን አጥብቀው ያዙኝ። ሲታጠብልኝ እሪ አልኩ፤ እሳቸው ከንፈራቸውን ነክሰው ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ።

አያቴ ዛሬ የሉም። በቀደም ልጄ ከብስክሌት ወድቃ ጉልበቷ ተሰነጠቀና ለማሰፋት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። መርፌውን ስታይ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስትጮህ፣ ያኔ ያንን ያህል የፈራሁትን ነገር ከልቤ ለመንኩ። «እኔን» አልኩ፤ ደጋግሜ አልኩ። የራሴን ጉልበት ዳበስኩት። ምንም አላመመኝም፤ ያን ጊዜ አለቀስኩ።