እሳት ሲነሳ የምንጠራራ ሰዎች

የጎረቤታችን የጤፍ ጭድ በተቃጠለ ቀን የእሳት አደጋ መኪናው ከእኛ ሩቅ አልነበረም። ቀዩን ቀለሙን በዓይናችን እናየው ነበር። መንገዱ ላይ ከተደፋው የአሸዋና የድንጋይ ክምር ማዶ ቆሟል፤ ሾፌሩ ወርዶ በሌላ በኩል መግቢያ ይኖር እንደሆነ ይጠይቃል። በሌላ በኩል መግቢያ አልነበረም። እኛ በጆግና በሳፋ ውሃ እያመላለስን፣ እርስ በርስ እየተጋጨን፣ ግማሹን መንገድ ላይ እያፈሰስን ቆየን። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን ተሸክመው በእግር ሲደርሱ ጭዱም በረቱም አልቆ ነበር። አንዲት ጥጃም ከታሰረችበት ሳትፈታ ቀረች።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከሳሊተ ምሕረት ወደ ምሥራቅ፣ አስፋልቱ ሲያልቅ በሚጀምረው መንደር ነው። መንደሩ ግማሹ ገጠር፣ ግማሹ ከተማ ነበር። በአንድ በኩል ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ እዚያው ያረሱ የኦሮሞ ገበሬዎች ጤፋቸውን ያጭዳሉ፣ አውድማቸውን ይለቀልቃሉ። በሌላ በኩል እንደ እኔና እንደ ባለቤቴ የመሐል ከተማ ኪራይ ያባረረው ሰው በየወሩ ጓዙን ይዞ ይመጣል። በመካከሉ ደግሞ ፎቅ ይበቅላል። ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት በእነዚያ ዓመታት ገልባጭ መኪና ጠጠር ወይ አሸዋ ሳያራግፍብን የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እኔ በአቅራቢያው ባለ ትምህርት ቤት በጠዋት ፈረቃ አስተምር ነበር፤ ከሰዓት ቤቴ ነኝ። ባለቤቴ ኤሌክትሪሺያን ነው። እንደ አብዛኞቹ የመንደራችን ወንዶች በማለዳ ሚኒባስ ይዞ ወደ ቦሌ ይወርድና ሕንፃ ላይ ውሎ ሲመሽ ይመለሳል። እሳቱ ግን የሰውን መመለሻ ሰዓት አይጠብቅም። ያን ቀን ባልዲ ይዘን የተገኘነው ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ዘበኞች ብቻ ነበርን።

ጭዱ የተቃጠለባቸው ሰው ስልሳውን የዘለሉ፣ ቀጭንና ረጅም ገበሬ ናቸው። መንደሩ በሙሉ አባባ ይላቸዋል። ንግግራቸው ቁጥብ ነው፤ አማርኛውን ከኦሮምኛው እያዋሃዱ በዝግታ ይናገራሉ። በሳምንቱ እሑድ የእድር ስብሰባ ነበርና መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ፣ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ በደረሰው ጉዳት ማዘናቸውን ተናገሩና ወደ ሌላ አጀንዳ ሊያልፉ ሲሉ አባባ ተነሡ።

"ሞቼ ቢሆን ኖሮ ድንኳን ትተክሉልኝ ነበር" አሉ። "እኔ ግን ይኸው ቆሜአለሁ። ለቆመ ሰው እድሩ ምን አለው?"

ሊቀመንበሩ "አባባ፣ ደንባችን የሚለው ለሐዘን ነው" አሉ።

እኔ በስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ቢሆንም ተነሣሁና በርሜሎቹ፣ ባልዲዎቹና ጥሩንባው የእድሩ እንደሆኑ፣ ሐዘን በሌለበት ቀን ግን መጋዘን ውስጥ ተቆልፈው እንደሚውሉ ተናገርኩ። "ደንቡን አንቀይር" አልኩ። "ዕቃውን ብቻ አውጡልን። ሥራውን የሚፈልግ ሰው ይሥራ።"

ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ሴት ዞር ብላ አየችኝና እጇን አወጣች። በመንደሩ መግቢያ ሱቅ ያላት የስልጤ ሴት ነች፤ ፍጥነቷንና ምላሷን የማያውቅ የለም። "እኔ አለሁበት" አለች። "በሱቄ በር የማያልፍ መኪናም ሰውም የለም።" ከስብሰባው ስንወጣ አሥራ አራት ሆነናል።

የመጀመሪያው ችግራችን መጠራራቱ ነበር። የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ጥሩንባውን ከሐዘን በቀር ለሌላ ነገር ነፍቶ አያውቅም። ለሞት ረጅም፣ ለእሳት አጭር አጭር ተብሎ ተስማማን። በመጀመሪያው የቅዳሜ ልምምድ አጭር አጭሩን ነፋ፤ ግማሹ መንደር ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ፊቱን አጥቁሮ ከየቤቱ ወጣና "ማን ነው የሞተው?" ይል ጀመር። አንዲት አሮጊት የምንለማመድ መሆናችንን ስንነግራቸው ተቆጡ። "እንባዬን በከንቱ አስወጣችሁት" አሉን። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን እኚያው እናት ጥሩንባው ሲነፋ ባልዲ ይዘው መጡ።

አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛም በእረፍት ቀኑ መጥቶ አስተማረን። የላምባ እሳት ላይ ውሃ እንደማይደፋ፣ እርጥብ ጆንያ አልብሶ ማፈን እንደሚሻል፣ ጭስ በሞላው ቤት ውስጥ ዝቅ ብሎ መሄድ እንደሚገባ አሳየን። ባልዲ ሲቀባበሉ እንዴት እንደሚቆም እንኳ ሥርዓት አለው፤ ፊትና ጀርባ ሳይሆን ፊት ለፊት ነው የሚቆመው። ሊሄድ ሲል የተናገረው ከሁሉ በላይ በአእምሮዬ ቀረ።

"እሳቱን እናንተ አታጠፉትም" አለን። "ሰውን አውጡ፤ እንዳይዛመት አድርጉ፤ ለእኛ ደግሞ መንገድ ክፈቱልን። መኪናው ከገባ ሌላው የእኛ ነው።"

መንገዱ ላይ ግን ያ የአሸዋ ክምር እንዳለ ነበር። ባለቤቱ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት የሚያሠራ ነጋዴ ነበር። ከሱቋ ባለቤት ጋር ሄድን። ሰውየው አጥሩ በር ላይ ስልኩን ይዞ አነጋገረን።

"ሲሚንቶ ሲመጣ ይነሳል" አለ።

"ሲሚንቶው መቼ ይመጣል?" ስል ጠየቅሁት።

"እሱን እኔም አላውቅ፣ አንቺም አታውቂ፣ እህቴ። አገሩ ሁሉ ሲሚንቶ ፈላጊ ሆኗል።"

"እንግዲያው ቅዳሜ እኛ እናነሳዋለን። ግቢዎ ውስጥ የት እናድርግልዎ?"

የምቀልድ መስሎት ሳቀ። ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ሦስት ሆነን አካፋና ጆንያ ይዘን በሩ ላይ ስንቆም አልሳቀም። አባባ ከሁሉም ቀድመው አካፋቸውን አሸዋው ውስጥ ሰኩ። ነጋዴው አንድ ሰዓት ያህል እያየን ቆየና ለቀን ሠራተኞቹ በእጁ ምልክት ሰጣቸው፤ ገብተው አገዙን። እኩለ ቀን ላይ መንገዱ ተከፈተ። አመሰግናለሁ አላለንም፤ እኛም አልጠበቅንም።

በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ ሰው ድንጋይ አስደፋ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ባለቤቴ ጫማውን እያወለቀ "ተዪው፤ ይህ መንደር ተሠርቶ እስኪያልቅ ክምር አይጠፋም" አለኝ። ልክ ነበር። እኔ ግን ጥጃዋ ስትጮኽ ሰምቻታለሁ፤ እሱ ቦሌ ነበር። "ክምሩ ካላለቀ እኛም አናልቅም" አልኩት። በነጋታው ከሥራ ቀደም ብሎ ወጥቶ ከእኔ ጋር ወደ ድንጋዩ ባለቤት ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሱቋ ባለቤት ዘዴ አገኘች። ገልባጭ መኪና ሲመጣ ከሱቋ ወጥታ መሐል መንገድ ላይ ትቆማለች። "በቀኝ በኩል አራግፍ፤ በግራ ለእሳት አደጋ ይተው" ትለዋለች። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ጡሩምባቸውን አንባረቁባት። አልተንቀሳቀሰችም። ቆይተው ገና ከሩቅ ሲያዩዋት በመስኮት "በቀኝ፣ በቀኝ!" እያሉ ያልፋሉ። ባለቤቴም እሑድ እሑድ በየቤቱ እየዞረ የላላ ሶኬት ያጠብቃል፣ የተላጠ ገመድ ይቀይራል። በየስድስተኛው ቤት ደጃፍ ውሃ የሞላ በርሜል ቆመ። ልጆች እንዳይገቡበት ክዳን የሠሩለት አባባ ናቸው፤ ከራሳቸው ባሕር ዛፍ ቆርጠው።

እሳቱ በጥር ተነሣ። ነፋሱ ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲያነሣ የዋለበት ከሰዓት ነበር። ደብተር ሳርም አጭር አጭር ጥሩንባ ሰማሁ፤ ቅዳሜ ስላልነበር እውነተኛ መሆኑን አወቅሁ። ጭሱ የሚነሣው ከአውድማው አጠገብ፣ የአንድ ሕንፃ ሠራተኞች በቆርቆሮና በፕላስቲክ ከሠሯቸው የማደሪያ ጎጆዎች ነው። ምግብ ሲበስልበት የነበረ የላምባ ምድጃ ተገልብጦ ኖሯል።

ስደርስ ባልዲ የሚቀባበለው ሰልፍ ተጀምሯል። እኔ ግን ሁለት እጄ ባልዲ እንደያዘ ቆሜ ቀረሁ። እነዚያን ሁሉ ቅዳሜዎች የተማርኩት አንድም ነገር አልመጣልኝም፤ የማየው ፕላስቲኩ እየቀለጠ ሲንጠባጠብ ብቻ ነው። የሱቋ ባለቤት ክንዴን ያዘችኝ።

"ቲቸር፣ ውስጥ ሰው አለ። ሌሊት ኮንክሪት ሲሞሉ አድረው የተኙ ናቸው። ቆርቆሮውን ምቺ።"

ድንጋይ አነሣሁና የመጨረሻውን ጎጆ ቆርቆሮ ቀጠቀጥኩ። እጄ መሥራት ሲጀምር ጭንቅላቴም ተከተለ። አባባ በገጀራ ከኋላ በኩል ፕላስቲኩን ቀደዱት፤ ሁለት ወጣቶች እየሳሉ በጉልበታቸው ወጡ። ሦስተኛው ሸሚዙ ጀርባው ላይ እየነደደ ወጣ። እርጥብ ጆንያ አለበስነው። ወዲያው ግን ተነሥቶ ወደ ጎጆው ዞረ፤ መታወቂያውና አገር ቤት የሚልከው ልብስ እዚያው ነው። የሱቋ ባለቤት በቀበቶው ያዘችው። ቁመቷ ትከሻው ድረስ ነው፤ ግን አልለቀቀችውም።

"ልቀቂኝ" ይላል።

"እናትህ ልብሱን አይደለም የምትጠብቀው" አለችው። ቁጭ አለ።

በዚህ መካከል ነፋሱ ወደ አውድማው ዞረ። በዚያ ዓመት የተከመረው የአራት ገበሬ ጭድ ጎን ለጎን ነው፤ ከጭዱ ቀጥሎ ቤቶች አሉ። ለእሳቱ ቅርብ የሆነው ክምር የአባባ ነበር። ፍንጣሪው አናቱ ላይ ማረፍ ጀምሯል። አባባ አንድ ጊዜ ክምሩን አዩት፣ አንድ ጊዜ ከኋላው ያሉትን ቤቶች አዩ። ከዚያ መንሻቸውን አንሥተው ወደ ጥሩንባ ነፊው ጮኹ።

"የእኔን አፍርሱት። በትኑት፣ ከዚያ ውሃ አፍስሱበት።"

"አባባ፣ ከብቶቹስ?" አልኳቸው።

"ኢንተላ ኮ፣ ከብቱን ቆይተን እናስብለታለን። አሁን ሳቢ።" ኢንተላ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው።

ሳብን። ዓመት ሙሉ የለፉበትን ጭድ በመንሽ፣ በእጅ፣ በአንሶላ እየጎተትን በተነው፤ በእሳቱና በቀሪዎቹ ክምሮች መካከል እርጥብ ባዶ መሬት ቀረ። አናቱ የተያያዘውን ጭድ አባባ በእጃቸው ሲገፉ ሁለት መዳፋቸው ተላጠ። በኋላ ነው ያየነው።

መኪናው የደረሰው ያን ጊዜ ነው። በግራ በኩል ሳይቆም ገባ። ሲገባ ማንም አላጨበጨበም፣ ሁሉም መንገድ ለቀቀለት። ሠራተኞቹ ቱቦውን ዘረጉ፤ ጥቂት ቆይቶ የቀረው ጭስና የላምባ ሽታ ብቻ ነበር። ጎጆዎቹ አንድም ሳይቀር ወድመዋል። ሰው ግን አልሞተም። ጀርባው የተቃጠለውን ወጣት በሚኒባስ ሐኪም ቤት አደረስነው።

ምሽት ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ሠራተኞች የሚገቡበት አጥተው ሜዳ ላይ ቆመዋል። ሊቀመንበሩ መጡና የመጋዘኑን ቁልፍ ሰጡኝ። ድንኳኑን አውጥተን ተከልን፤ ሰዎቹ አዲስ ማደሪያ እስኪሠሩ አሥራ አንድ ቀን አደሩበት። በእነዚያ ቀኖች ሦስቱ ገበሬዎች ከየክምራቸው ጭድ ተሸክመው የአባባ ደጅ አራገፉ። የአባባ ከብቶች ክረምቱን ከስተው ቢሆንም ወጡ። እሳቸው እጃቸው ተጠቅልሎ ቅዳሜ ልምምድ ላይ ቆመው፣ ሰልፉ ሲዛነፍ በአገጫቸው ያመለክቱ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ የእርሻው መሬት ለልማት ተወሰደ። አባባና ቤተሰባቸው ወደ ሩቅ፣ ገና ወደሚቆረቆር ሰፈር ሊሄዱ ሆነ። ዕቃቸው የተጫነ ዕለት ቡድኑ በሙሉ መጣ። አልጋውን፣ ሳጥኑንና የቤቱን በር ሳይቀር ጫንን። አባባ አውድማው ላይ ትንሽ ዞር ዞር አሉ። አላለቀሱም፤ እኔ ግን ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። "እዚያ እሳት ቢነሳ የሚጠራራ ሰው አለ ወይ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"የለም" አሉ፣ በቃጠሎ ጠባሳ በተሸበሸበው እጃቸው የመኪናውን ጎን ይዘው እየወጡ። "ትናንት ሄጄ ሰዎቹን አይቻቸዋለሁ። ለቅዳሜ ቀጥሬያቸዋለሁ።"