በዓል የሻረች ተሸላሚ

ቢቸና ባለው የዱቄት ፋብሪካችን ስንዴ ነክሶ እርጥበቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሰገነት። አንድ ፍሬ ከጆንያው ታነሣለች፣ ትነክሳለች፣ «ይህ ገና ነው፤ ይሰጣ» ትላለች። መለኪያውም ቆይቶ ያንኑ ይላል። እኔ ሚዛን ላይ ስለምሠራ አሥራ አንድ ዓመት አይቻታለሁ።

አምና አዲስ የሰው ሀብት ኃላፊ መጣልን። ስጦታው ይባላል፤ የሞጣ ልጅ ነው፣ አባቱ ቄስ ናቸው። ያሳሰበው የቀሪው ብዛት ነበር። በሚካኤል፣ በማርያምና በጊዮርጊስ ቀን ሲሶው ሠራተኛ ስለማይገባ ማሽኑ ሰው አጥቶ ይቆማል። ማስጠንቀቂያ ጻፈ፣ መጠይቅ በተነ፤ የተለወጠ ነገር የለም። በመጨረሻ በሽልማት ልሞክር አለ።

አንድ ጠዋት የሰገነት ፎቶ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ከሥሩ «የዓመቱ ኮከብ ሠራተኛ፤ ሚካኤልን፣ ማርያምንና ጊዮርጊስን ጨምሮ አንድም ቀን ያልቀረች» ይላል። ብርድ ልብስም ተሸለመች።

ወሬው በዚያው ቀን ከግቢ ወጣ። የማርያም ማኅበርተኛዋ ፋንታነሽ ገበያ መሀል አገኘቻት።

«እንኳን ደስ ያለሽ! ዘንድሮ ማርያምን የሻረ ይሸለማል አሉ?»

በማግሥቱ ሰገነት በአንድ ወር ውስጥ እንደምትለቅ ጽፋ አስገባች። ሞጣ ያለ ሌላ ፋብሪካ ከድሮም ይፈልጋት ነበር።

ስጦታው ደነገጠ እንጂ ጥፋቱ ምን እንደሆነ አልገባውም። መጋዘን ድረስ መጥቶ ሲለምናት እዚያው ነበርሁ።

«እትዬ ሰገነት፣ እኔ'ኮ ላከብርዎት ብዬ ነው።»

«የቄስ ልጅ አይደለህ? በዓል የሻረ ሰው ስም አደባባይ ይለጠፋል?»

«ታዲያ ለምን ይገቡ ነበር?»

ጆንያውን ዳበሰች። «ባሌ ከሞተ ወዲህ በበዓል ቀን ቤቱ ይሰፋብኛል። እዚህ መጥቼ ነቀዝ አለ የለም ስል ይመሻል። አንተ የገባሁበትን ቀን ቆጠርህ፤ ለምን እንደምገባ ግን ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

«መጠይቁ ላይ እኮ...»

«እሱ 'እስማማለሁ፣ አልስማማም' ነው የሚለው። ይህን በየትኛው ልጻፈው?»

እኔ ሚዛኑን መጥረግ ጀመርሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የበዓል ቀን ምን ያህል እንደሚረዝም አውቃለሁ።

«ፎቶውን ከሰሌዳው ላንሣው?» አላት።

«ብታነሣው ጥፋቷን አመነች ይላሉ። ሌላ ማስታወቂያ ለጥፍበት።»

ምን እንደሚለጥፍ ለማየት ጓጓሁ። ሥራ አስኪያጁን ሲያሳምን ሦስት ሳምንት አለፈ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ በሦስቱ በዓላት ፋብሪካው ይዘጋል፣ በቀረው ቀን ሁሉም አንድ አንድ ሰዓት ይጨምራል። ሠራተኛው ተሰብስቦ ሲነገረው ሾፌሩ ገላው ተነሥቶ «ገብርኤል ምን በደለን?» ቢል ተሳቀ፤ ግን ሁሉም ፈረመ፣ ወረቀቱም በፎቶው ቦታ ተለጠፈ። ከዚያ ወዲህ ቀሪ የሚባል ከስንት አንዴ ነው፤ የምንፈጨውም ጨመረ። በዚያች አንድ ሰዓት ማንም አላማረረም።

ሰገነት እለቃለሁ ያለችበት ወር ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ከሞጣው ፋብሪካ ደወሉላት።

«ማርያም ዕለት ትዘጋላችሁ?» አለቻቸው። መልሱን አልሰማሁም። «እንግዲያው ይቅርብኝ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

የመጀመሪያው ዝግ የማርያም ቀን እንዴት እንደዋለላት በማግሥቱ ጠየቅኋት።

«ፋንታነሽ ቤት ሄጄ ስንጣላ ዋልን» አለችኝ፣ ፊቷ ፈክቶ።