በሁዳዴ የመጣ ውሻ

ባለፈው ሁዳዴ የልጅ ልጄ ሜሮን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በእጇ የላስቲክ ከረጢት አንጠልጥላ ገባች። ገና ሳትቀርበኝ የተቀቀለ ሥጋ ሸተተኝ።

«ከየት ነው ይሄ?» አልኳት።

«እማማ ሐሊማ አጥንት ሰጡኝ። ለቡቺ ነው።»

ቡቺ ያለችው መንገዱ ሲሰፋ ቤታቸው የፈረሰባቸው ጎረቤቶቻችን ጥለውት የሄዱትን ውሻ ነው። ሜሮን ከፍርስራሹ ውስጥ አግኝታ ካመጣችው ሳምንት አልሞላውም። እኔ ግን ሳላስበው እጇን ያዝኩና ወደ አፍንጫዬ ሳብኩት። መሀል ላይ ስደርስ ነቃሁና ለቀቅኳት።

«ምነው አያቴ?»

«ምንም። ስትጨርሺ እጅሽን ታጠቢ።»

እሷ እየሮጠች ወደ ጓሮ ሄደች። ያ እጅ አያያዝ የእኔ አልነበረም። የእናቴ ነበር።

ልጅ እያለሁም የምንኖረው እዚሁ፣ ዛሬ ጊንጆ ጉዱሩ በሚባለው ቀበሌ ነው። አባቴ ከሸዋ ለመንግሥት ሥራ የመጣ ጸሐፊ ነበር። በአጥር የምንዋሰነው ከአዴ ረሂማ ጋር ነው። አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው፤ እኛም ልጆቹ ሌላ ስም ያላቸው አይመስለንም ነበር። ባለቤታቸው የእስላም ሥጋ ቤት ነበራቸው። ልጃቸው ሐሊማ እኩያዬ ናት፤ ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ እንቀመጣለን። በአጥራችን መካከል ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ነበር። ጨው፣ ወንፊት፣ የእሳት ፍም፣ የሚያለቅስ ሕፃን ሳይቀር በዚያ ያልፋል። የማያልፈው ሥጋ ብቻ ነው። በፋሲካ እናቴ ዳቦ ይዛ ትሻገራለች፣ በኢድ እሳቸው ቴምር ይዘው ይመጣሉ። ሁሉም የሚበላውንና የማይበላውን ያውቅ ስለነበር ማንም በማንም አይቀየምም።

ውሻውን አባቴ ያመጣው ከሊሙ ገነት ነው። ለሥራ ሄዶ ሲመለስ በጭነት መኪና ላይ፣ በጆንያ መካከል አስተኝቶ አመጣው። የቡናው ወቅት ሲያልቅ ነጋዴው መጋዘኑን ቆልፎ፣ ዘበኛውንም አሰናብቶ ሲሄድ ውሻው በሩ ላይ እንደታሰረ ቀርቷል። አባቴ ሲደርስ መቆም አቅቶት ነበር። ገመዱ አንገቱን በልቶት ሥጋው ውስጥ ገብቷል።

«እንግዲህ በሁዳዴ መጣ፤ ከእኛ ጋር ይጾማታል» አለ አባቴ፣ ከመኪናው እያወረደው።

እናቴ አልሳቀችም። «ለመቅበር ነው ያመጣኸው። ደግሞ የውሻ ቀባሪ ልሁንልህ?» አለችው።

ስሙን ሊሙ አልነው። የማላመዱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። አንገቱን በሞቀ የጨው ውሃ አጥብለት ነበር፤ እናቴም እያጉረመረመች ዘይት ትሰጠኛለች። ያነጠፍንለትን አሮጌ ብርድ ልብስ ሸሸው። አባቴ ጀንፈል የነበረበትን ጆንያ ከማድ ቤቱ ጀርባ ሲጥልለት ግን ደጋግሞ አሸተተውና ተጠቅልሎ ተኛበት። ጀንፈል ከነልጣጩ የደረቀ ቡና ነው፤ ጆንያው ባዶ ቢሆንም ጣፋጭም ጎምዛዛም የሆነው ሽታው አይለቅም። ሊሙ ያደገው በዚያ ሽታ ውስጥ ነበር። የበልጉ ዝናብ ጀምሮ በየጓሮው ያለው ቡና ነጭ አበባ ባወጣበት ሰሞን ስለነበር፣ ማድ ቤቱ ጀርባ ስቀመጥ ሁለቱ ሽታ ይቀላቀልብኛል። ዛሬም የቡና አበባ ሲሸተኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ውሻ ነው።

ችግሩ አበላሉ ነበር። ሊሙ ሰው እያየው አይበላም። ሳህኑን አስቀምጠን ካልራቅን አይነካውም። «ና» ስንለው ጆሮውን ይጥላል፤ እጅ ከተነሳ መሬት ላይ ይለጠፋል። ቤታችን የነበረውም ሽሮ የነካካው እንጀራና ንፍሮ ብቻ ነው። ቁስሉ እየደረቀ፣ እሱ ግን እየከሳ ሄደ።

አንድ ቀን አዴ ረሂማ በክፍተቱ አዩት። «ማሎ! ይሄ እንኳ ያለ ሥጋ አይነሳም» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥጋ ቤቱ የተረፈውን አጥንት ቀቅለው፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ይሰጡኝ ጀመር። ሲሰጡኝ ሁልጊዜ ያስጠነቅቁኛል።

«ውሻውን ወደ እኔ እንዳታስጠጊብኝ፤ ከላሰኝ ለሶላት ስታጠብ መዋሌ ነው። አንቺም ወደ አፍሽ እንዳይሄድ። እናትሽ ጾም ላይ ናት፣ አደራ።»

«እሺ አዴ።»

«እሺ ብቻ አይደለም። ጣትሽንም እንዳትልሺ!»

ለእናቴ አልነገርኳትም። በጾም ሥጋ ግቢዋ እንደማታስገባ አውቅ ነበር። አጥንቱን ጆንያው አጠገብ አስቀምጬ እሄዳለሁ፤ ስመለስ አይኖርም። ሊሙ ጎኑ መሙላት ጀመረ።

አንድ ቀን ከሰዓት ግን እናቴ ማድ ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። «እጅሽን አምጪ» አለች። አሸተተችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ለሊሙ ነው። አዴ ረሂማ ሰጥተውኝ ነው።»

«ለሊሙ! እኔ ሊሙ ሲበላ መቼ አይቼው አውቃለሁ?»

ኮባውን ከእጄ ነጥቃ አጥንቱን ውሻው ፊት አስቀመጠችና ቆመች። እኔ በልቤ እለምነዋለሁ። ሊሙ አጥንቱን አየ፣ እናቴን አየ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ጆንያው ተመለሰ።

«አየሽ?» አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል በክፍተቱ አለፈች። ተከተልኳት። አዴ ረሂማ ግቢ ውስጥ ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ቡና ይለቅማሉ።

«ረሂማ! ምን በድዬሽ ነው ልጄን በሁዳዴ ሥጋ የምታበዪብኝ?»

አዴ ረሂማ ቀና አሉ። «ወላሂ ዘነበች፣ ለውሻው ነው።»

«ለውሻው! ውሻ ደጅሽ የማታስደርሺ ሴትዮ፣ ዛሬ ከየት መጣልሽ ይሄ ርኅራኄ?»

«ልጅቷን ጠይቂያት እንጂ።»

«ጠየቅኳት። የምትመልሰውን አስጠንተሻታል። ልታሰልሚያት ከሆነ በግልጽ ንገሪኝ!»

የሴቶቹ እጅ ቡናው ላይ እንዳለ ቀረ። ሐሊማ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። አዴ ረሂማ ብዙ ሊናገሩ የሚችሉ ሰው ነበሩ፤ ገበያ ላይ ወንዶች እንኳ ምላሳቸውን ይፈሩታል። ያን ቀን ግን የተናገሩት ትንሽ ነው። «ልጅሽን ይዘሽ ግቢ ዘነበች። ዛሬ ተቆጥተሻል።»

እናቴ በዚያው ዕለት ክፍተቱን በእሾህ ዘጋችው። እኔን ወደ ንስሐ አባታችን ወሰደችኝ። ጠበል ተረጨሁ፣ ስግደትም ታዘዘብኝ። ላልበላሁት ሥጋ ሰገድኩ። ወሬው ትምህርት ቤት ቀድሞኝ ደርሶ ነበርና «ጾም ገዳፊ! የሥጋ ቤት ቅልብ!» እያሉ ተከተሉኝ። ሐሊማ አልሰደበችኝም። ደብተሯን ይዛ ኋላ ወዳለው ዴስክ ሄደች እንጂ። ስድቡን ዛሬ ብዙም አላስታውሰውም፤ ዴስኩ ላይ የቀረውን ባዶ ቦታ ግን አስታውሳለሁ።

ሁዳዴው ሊያልቅ ሲል እኔና እናቴ ከቧንቧ ውሃ ቀድተን በጓሮው መንገድ ስንመለስ የአዴ ረሂማ ድምፅ ሰማን። ከአጥራቸው ውጭ ቆመው፣ በአንድ እጃቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ በሌላው ኮባ ይዘዋል።

«ኮቱ፣ ሊሙ፣ ኮቱ። ሂን ሶዳቲን፣ አባ ኮ።»

ና፣ አትፍራ፣ አባቴ ማለታቸው ነው። ሊሙም ጭራውን እየቆላ ሄደና እግራቸው ሥር አጥንቱን መብላት ጀመረ። ሰው እያየው። እሳቸው ወደ ኋላ እያፈገፈጉ «ኧረ ቀሚሴን ተው! ተው አንተ ባለጌ!» ይሉታል፤ እየሳቁ። በሊሙ ገነት ኦሮሞዎች መካከል ያደገ ውሻ ነውና ያሳደገውን ቋንቋ ሲሰማ ልቡ ረጋ። እኛ ያን ሁሉ ጊዜ በአማርኛ ስንጠራው ነበር።

እናቴ ቆመች። ውሃው ከእንስራው እየፈሰሰ ትከሻዋን ሲያበሰብሰው አልጠረገችውም። ከዚያ ሁሉ ስድብ በኋላ ሴትየዋ ውሻችንን መመገብ አልተዉም ነበር። አዴ ረሂማ ዞር ሲሉ አዩን። «ደህና ዋላችሁ?» አሉ፣ እንደ ማንኛውም ቀን። እናቴ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም። እሳቸው ጥቂት ጠበቁና ገቡ።

ቤት እንደገባን እናቴ እሾሁን በባዶ እጇ ነቅላ ጣለችው። እጇ ደምቶ ነበር። ግን በክፍተቱ አላለፈችም። በአዴ ረሂማ ደጅ ላለማለፍ ውሃ ለመቅዳት እንኳ ሩቅ ወዳለው ቧንቧ መሄድ ጀመረች። ፋሲካ ሲደርስ ዳቦውን በእኔ ላከችው።

«ምን ልበላቸው?»

«ምንም አትበያቸው። ስጪና ነይ።»

አዴ ረሂማ ዳቦውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። «እናትሽ ደህና ናት? ምነው ራሷ ሳትመጣ?» አሉ። ስመለስ እናቴ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሥራዋን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ዓመታት ሄዱ፤ ዳቦው በእኔ እጅ ሲሄድ፣ ቴምሩ በሐሊማ እጅ ሲመጣ ኖረ። ሐሊማም ወደ ዴስካችን ተመለሰች። ሊሙ ወፍሮ፣ የሁለት ቤት ውሻ ሆኖ፣ በክፍተቱ ሲመላለስ አርጅቶ ሞተ። አዴ ረሂማ ሲያርፉ እናቴ ከጠዋት እስከ ማታ ለቅሶ ቤቱ ተቀመጠች። ዓይኗን ከጉልበቷ ላይ አላነሳችም።

እኔ በእናቴ አፍርባት ነበር። በሰደበችው ስድብ ብቻ አይደለም። አጥፍቻለሁ ብሎ አንድ ቃል መናገር ስላቃታት። ተምሬ፣ ወልጄ፣ እሷንም ቀብሬ እፍረቱ አልለቀቀኝም።

ሜሮን አጥንቱን ባመጣች ማግሥት ተነሥቼ ወደ ሐሊማ ሄድኩ። እናቴ ያልተናገረችውን እኔ ልናገርላት ቆርጬ ነበር። ክፍተቱ ዛሬ የለም። በብሎኬት ታጥሯል፣ አናቱም ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሏል። በኮብልስቶኑ ዞሬ ደወል ደወልኩ።

«አንቺ! መንገድ ጠፍቶሽ ነው?» አለችኝ ሐሊማ፣ መነጽሯን ወደ ላይ እየገፋች። ሻይ አመጣች። ስለ ስኳር በሽታችን፣ ዓረብ አገር ስላሉት ልጆቿ አወራን።

«ሐሊማ» አልኳት።

«ወዬ።»

«ያ የድሮው ውሻ… ሊሙ…»

ሳቀች። «ሊሙ! እናቴ ከእኛ አስበልጣ ነበር የምትወደው። ታውቂያለሽ፣ ማታ ማታ በእናንተ በኩል ያለውን በር እንዝጋ ስንላት እምቢ ትል ነበር። ዘነበች ልትመጣ ትችላለች ትለን ነበር። ስትታመም እንኳ።»

ብርጭቆው እጄ ውስጥ ነበር። የመጣሁበት ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሻይ ጠጣሁበት። «ጥሩ ሻይ ነው» አልኳት።

ሐሊማ እስከ በሩ ሸኘችኝ። «ምን ልትዪኝ ነበር?» አለችኝ።

«ለሜሮን አጥንት ስለሰጠሻት ላመሰግንሽ ነው።»

«ይሄም ምስጋና ሆኖ!»

ቤት ስደርስ ሜሮን ደጅ ላይ ቡቺን በኦሮምኛም በአማርኛም እየጠራች ታበላው ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ትምህርቷ በኦሮምኛው ቁቤ ነው፤ የትኛው ቋንቋ የማን እንደሆነ አታስብበትም። የሐሊማን ደወል በቀን ብዙ ጊዜ ትደውላለች፤ ማንም አይጠይቃትም። እኛ አጥራችን ክፍት ሆኖ ያላለፍነውን እሷ በብረት በር ታልፋለች።

እናቴ ያንን አጥር መሻገር ለምን እንዳቃታት ዕድሜዬን ሙሉ ሲገርመኝ ኖሯል። እኔ ተሻገርኩ፤ በሩ ተከፍቶልኝ ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ።