የካሃ ዓይን መሸፈኛ

ሲራድ በቡርዓ ከተማ ወተት ተራ የግመል ወተት ትሸጣለች፤ እኔ አጠገቧ ልብስ እሰፋለሁ። ልጇ ካሃ ዳውን ሲንድረም አለባት። ሰባት ዓመት አልፏት ገና ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ነው የምትናገረው፤ ሰው ሲያስነጥስ ግን ከማንም በፊት የምትስቀው እሷ ናት።

የግራ ዓይኗ ወደ አፍንጫዋ የዞረ ነው። ሐኪሙ መነጽር አዘዘላት፤ አፍንጫዋ ላይ አልቆም ስላለ ሲራድ በላስቲክ አሰረችው። ደህናውን የቀኝ ዓይኗንም በቀን አራት ሰዓት እንድትሸፍንላት ነገራት። ደህናው ሲያርፍ ደካማው ይሠራል፤ ካልሠራ አእምሮዋ ይረሳዋል፤ ስምንት ዓመት ከሞላት በኋላ ደግሞ መመለሱ ከባድ ነው አላት።

በመጀመሪያው ቀን ካሃ ዓይኗ ተሸፍኖ ገበያ መጣች። የግመል ደላላው ዋርፋ ጣሳውን ዘረጋ።

«እስቲ ቅጂልኝ። አንድ ዓይናዋንም ይዘሻት መጣሽ?»

ሴቶቹ ሳቁ። በክፋት አልነበረም። እዚህ ቅጽል ስም አንዴ ከወጣ መቃብር ድረስ ነው፤ ዋርፋን ራሱን ከእናቱ በቀር ሁሉም «ወላቃው» ነው የሚለው።

«አንተ መጀመሪያ ጥርስህን ፈልግ» አለችው ሲራድ።

እሱ ዞር ሲል ግን መሸፈኛውን ፈትታ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

«ምነው ፈታሽው?» አልኳት።

«ሞኟ ይሏታል፤ ይበቃታል። ሌላ ስም አልጨምርባትም።»

ከዚያ ወዲህ የምታስርላት ቤት ሲገቡ ነበር። ካሃ እራቷን በልታ ወዲያው ትተኛለች። ይህን እያወቅሁ ዝም አልኩ።

በስድስተኛው ወር ሐኪሙ ዘንድ አብሬያት ሄድኩ። ቀኝ ዓይኗን ሸፍኖ የግመል ሥዕል ፊቷ ያዘ። ካሃ እጇን ሰደደች፤ የጨበጠችው አየር ነበር።

«በቀን ስንት ሰዓት ታስሪላታለሽ?»

«አራት።»

«እንግዲያው ሕክምናው አልሠራላትም ማለት ነው። እናቁመው» ብሎ መጻፍ ጀመረ።

ሲራድ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች። እስክሪብቶው ሁለት መስመር ሄደ።

«ዶክተር፣ ዋሽቻለሁ። አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።»

«ለምን?»

«ስም እንዳይወጣላት ብዬ።»

ሐኪሙም የአገሩ ልጅ ነው፤ የቅጽል ስምን ነገር ያውቃል፤ ሌላ አልጠየቃትም። የጻፈውን ሰረዘ። «ስምንት ሊሞላት አራት ወር ነው የቀረው። ከዛሬ ጀምሮ ስድስት ሰዓት አድርጊው። ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም።»

በማግስቱ ዋርፋ ጣሳውን ይዞ መጣ። ካሃን ዓይኗ ተሸፍኖ ሲያያት ጣሳውን ብቻ ዘረጋ።

«ጥራት እንጂ» አለችው ሲራድ። «አንድ ዓይናዋ ናት። ስሙን ያወጣህላት አንተ አይደለህ?»

«ኧረ እህቴ፣ እኔ እኮ ለቀልድ ነው።»

«ጥራት። ጮክ በል፣ ሁሉም ይስማ።»

አልጠራትም። ሲራድ ኩባያ ወተት ሞልታ ካሃ ፊት አስቀመጠች። የልጅቱ እጅ ኩባያውን ስቶ በጎኑ አለፈ፤ ተመልሶ እንደገና ሳተው። ሲራድ አላቀረበችላትም። ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀች።