የፀጉር አስተካካዩ ሰኞ

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። ደንበኞቹ «መቀስ» ይሉታል። እጁ ፈጣን ስለሆነ ነው፤ የምላሱን ፍጥነት ቢያውቁማ ሌላ ስም ያወጡለት ነበር።

ከሚስቱ ጋር ሲለያዩ ልጃቸው ሰባት ዓመቷ ነበር። ፍርድ ቤት ሄደን ገበናችንን አደባባይ አናሰጣም ብለን እኔ ቤት ተቀመጥን፤ እሱ፣ ሚስቱ፣ ጡረታ የወጡት መምህር አጎቷ እና እኔ። ልጅቷ ጓዳ ሆና ሥዕል ትስላለች። ከእናቷ ጋር እንድትኖር ያለ ጭቅጭቅ ተስማማን። የቀረው አባቷ በሳምንት አንድ ቀን ሲወስዳት የትኛው ቀን ይሁን የሚለው ብቻ ነበር።

«አንተ ምረጥ፣ የፈለግከውን» አለችው።

«ሰኞ!» አለ ወዲያው።

ፀጉር ቤት የሚዘጋው ሰኞ ነዋ። ቅዳሜና እሁድ እዚያ መቆሚያ አይገኝም። ሙሉ ቀን የልጄ እሆናለሁ ማለቱ ነበር፤ ሰኞ ትምህርት እንዳለ ትዝም አላለው። መምህሩም ዝም አሉ፣ ያውም ዕድሜ ልካቸውን ሰኞ ጠዋት ስም ሲጠሩ የኖሩ ሰው! እኔም ሳይጣሉ ቶሎ ይፈራረሙ ብዬ ወረቀቱን ገፋሁላቸው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? የራስ መመለጡን እንኳ ወንድሜ ያውቃል፣ ሥራው ነው።

ሚስቱ ግን የትምህርት ቀን መሆኑ ገብቷት ነበር። «እሁድ ይላል ብዬ ስጠብቅ ሰኞ አለ» አለችኝ ቆይታ። «ልጁን ለሁለት ሰዓት ብቻ የፈለጋት መሰለኝ። ከፋኝና ዝም አልኩ።»

እንዲያ ሆነ። ሰኞ አስር ሰዓት ከትምህርት ቤት በር ይቀበላታል። ደክሟት የቤት ሥራዋ ላይ ታንጎላጃለች። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀስቅሶ ለእናቷ ይመልሳታል።

«እሁድ አድርገው፤ ሴትየዋ ክፉ አይደለችም» አልኩት፣ አንዴ አይደለም፣ አስር ጊዜ።

«እትዬ፣ እሁድ ብዘጋ እኮ ደንበኞቼ ማዶ ወዳለው ይሄዳሉ። ትንሽ ልጠናከርና።»

ትንሽ ያላት ስድስት ዓመት ሆነች። የተናደድኩት በእሱ ብቻ አይደለም። ያን ቀን ከአራት አዋቂ አንዳችን እንኳ ጓዳ ገብተን «አንቺስ የቱን ትፈልጊያለሽ?» ብንላት ምን ነበረበት? ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ባለፈው ወር አባትና ልጅ እኔ ቤት ተገናኙ። አሁን ቁመቷ ደርሶበታል። ወንድሜ፣ «ከእንግዲህ እሁድ እሁድ እዘጋለሁ። ቀኑን ሙሉ አብረን እንውላለን» አላት።

ደነገጠች። «ኧረ አባዬ፣ ደንበኞችህስ? ይቀየሙሃል እኮ። ለእኔ ብለህ አትዝጋ፣ እኔ ለምጄዋለሁ።»

ሽሙጥ አልነበረም፤ ከልቧ አዝናለት ነው። ብታኮርፍ ኖሮ እናባብላት ነበር።