ማዞሪያዋ አልዞረችም

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ ካሜራ ውስጥ ፊልም ማስገባት ነበር። ዕለቱ መስቀል ነው። ከጥያ ወጣ ብሎ ባለው የእናቱ ቤት በር ላይ፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ ካሜራውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ክዳኑን ከፈተ። እኔ አጠገቡ ቆሜ በነጠላዬ ፀሐይ እከልልለት ነበር፤ ፊልም የሚገባው በጥላ ነው። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ኖረ። በእነዚያ ቀናት አብረን በልተናል፣ አብረን ተኝተናል፤ ሥራ ግን አልሠራንም።

ካሜራው ከባድ፣ ሁሉ ነገሩ በእጅ የሚሠራ ነው። ድሮ አዲስ አበባ ውስጥ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ከነበረ ሰው ነው የገዛው። ቡታጅራ ባለው ፎቶ ቤታችን ዲጂታል ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ጉርድ ፎቶውም፣ ምረቃውም፣ ሠርጉም በዚያ ነው። ያ ካሜራ ግን በዓመት አንድ ቀን፣ ለመስቀል ፎቶ፣ ከሣጥኑ ይወጣ ነበር።

አዲስ ሙሽራ ሆኜ ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ስመጣ መጀመሪያ ያስተማረኝ ፊልም ማስገባት ነው። እሱ "ማጉረስ" ይለው ነበር፣ እንደ ጠመንጃ። ለማስተማሪያ ብሎ ያስቀመጠው ብርሃን ያቃጠለው ፊልም ነበረው። የፊልሙን ቆርቆሮ በግራ በኩል ታስቀምጪያለሽ። ከቆርቆሮው የወጣውን የፊልሙን ጫፍ፣ ምላሱን፣ ትስቢና በቀኝ ያለው ዘንግ ስንጥቅ ውስጥ ትሰኪያለሽ። የፊልሙ ጠርዝ ቀዳዳዎች ጥርሶቹ ላይ መቀመጣቸውን በአውራ ጣትሽ ትዳስሻለሽ። ክዳኑን ትዘጊያለሽ። ከዚያ ፊልሙን የሚያሳልፈውን እጀታ ስትስቢ ዐይንሽ ከላይ በግራ በኩል ካለችው ትንሽ ማዞሪያ ላይ ይሁን። ፊልሙ ከተያዘ ማዞሪያዋ አብራ ትዞራለች። ካልዞረች ዘንጉ ባዶውን ነው የሚዞረው።

"ቁጥሩን እንዳታምኚው" ይለኝ ነበር። "ቁጥሩ ፊልም ኖረም አልኖረም ይቆጥራል።"

ትምህርቱን ያዝኩ። ያኔ ነው ችግሩ የጀመረው። አንድ ጊዜ፣ ገና ዲጂታል ሳይገባ፣ ቆሼ ወደምትባለው ከተማ ለሠርግ ሄደን ፍላሽ ይዤለት ነበር። ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ቆመዋል፤ እሱ ተቻኩሎ ፊልም ቀይሮ ሁለት ጊዜ ሳበ። ማዞሪያዋ አልዞረችም።

"ኧረ ማዞሪያዋ አትዞርም" አልኩት፣ ድምፄን ሳልቀንስ።

"አንቺ ፍላሽሽን ያዢ" አለኝ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ "ባለሙያዋ እሷ ናት እንዴ?" አሉና ሰው ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ባትሪ ልቀይር ብሎ ከቤቱ ጀርባ ዞሮ ፊልሙን እንደገና አስገባ። ልክ ነበርኩ ማለት ነው። ከቆሼ ቡታጅራ እስክንገባ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሳምንት ሙሉ እንደዚያው ሆነ። በሳምንቱ እራት ላይ ቀና ሳይል፣ "ጥፋት ካየሽ ቤት ስንገባ ንገሪኝ፤ በሰው ፊት አይደለም" አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ማለቴ ሕግ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ሁሉ ሆዴ ውስጥ ይዤ ቤት አስገባ ነበር፤ አንዳንዱን ቤት ስደርስ እነግረዋለሁ፣ አንዳንዱን ተናድጄ እዚያው እተወዋለሁ።

የመስቀል ፎቶ እንዲህ ነው። ወንድምና እኅቶቹ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። እናታቸው መሐል ይቀመጣሉ፤ ልጆቻቸው በዕድሜ ቅደም ተከተል ግራና ቀኝ ይቆማሉ፣ ከኋላ እኛ ምራቶችና አማቾች፣ ከፊት የልጅ ልጆች። ባለቤቴ ካሜራውን ባለሦስት እግር ማቆሚያው ላይ ተክሎ፣ ፎከሱን በእናቱ ዐይን ላይ አስተካክሎ፣ ካሜራው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ በራሱ እንዲያነሳ ሰዓቱን ሞልቶ ወደ ቦታው ይሮጣል። ካሜራው ዝዝዝ እያለ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ፎቶ ላይ ሁሉም ተረጋግቶ ቆሞ እሱ ብቻ አፉ የተከፈተ፣ ጃኬቱ የተበተነ፣ ገና የደረሰ ሰው ነው። ስልክ ክልክል ነበር። "ሰው ሁለት ቦታ ካየ ዐይኑ ይበተናል" ይላል፤ ሳይጨርስ ስልክ ያወጣ ልጅ ይቆጣል።

ፎቶዎቹ ከአማቴ አልጋ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ በተርታ ተሰቅለዋል። ሚስማሩ ቀድሞ ነው የሚመታው። የመስቀል ዕለት ጠዋት ታላቅ ወንድማቸው ለዘንድሮው ፎቶ የሚሆን ሚስማር ይመታል፤ ፎቶው ታጥቦ እስኪመጣ ሚስማሩ ባዶውን ይጠብቃል። ሚስማር የተመታለት ፎቶ አይቀርም ይላሉ አማቴ።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲገባ ስትሮክ መታው። ዳነ፤ ግን ቀኝ እግሩ ይጎተታል፣ የቀኝ እጁ ጣቶች ደነዘዙ። ሸሚዙን እኔ ነበርኩ የምቆልፍለት። ቢሆንም የመስቀሉን ፊልም ራሴ ነኝ የማስገባው አለ። ቤተ ዘመዱ ከቦ ያየው ነበር። ምላሱን ስቦ ሰካ፤ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። በዚያ ጣት ሞቅ ያለውን ውኃ ከቀዝቃዛው እንደማይለይ ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። ክዳኑን ዘጋ። ሳበ። ማዞሪያዋ አልዞረችም። ደግሞ ሳበ። አልዞረችም። እሱ የሚያየው ቁጥሩን ነበር፤ ያንኑ እንዳታምኚው ያለኝን ቁጥር።

እኔ አየሁ።

አዝኜለት ነው ዝም ያልኩት ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አዝኜለታለሁ። በእናቱና በወንድሞቹ ፊት፣ ያ እጅ ተገልጦ እንዲታይ አልፈለግሁም። ግን ያ ብቻ አልነበረም። ከቆሼ ጀምሮ የያዝኩት ነገር ነበር። አንድ ጊዜ ራሱ ይየው፣ ቤት ስንገባ እነግረዋለሁ፣ ያኔ ምን እንደሚል አያለሁ፣ ብያለሁ በልቤ። ነጠላዬን ከፀሐዩ መለስኩና ተከናነብኩ።

በዚያ ዓመት መሮጥ ስለማይችል የማነሳው እኔ ነበርኩ። እሱ ከእናቱ ቀጥሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጃኬቱን ቆለፍኩለት።

"ሯጩ ጡረታ ወጣ" አለ ታላቅ ወንድሙ።

"ጡረታ አይደለም፣ አሠልጣኝ ሆኛለሁ" አለው። "አንተ ይልቅ ሆድህን ሳብ፤ ፊልሙ ጠባብ ነው።"

እኅታቸው፣ "ተወው፣ እሱ ብቻውን ሁለት ፊልም ይፈጃል" አለች። አማቴ ሳይቀሩ ሳቁ። እኔም በካሜራው ውስጥ እያየሁ ሳቅሁ። እሱ አፉ ገጠም ብሎ፣ እጁን በእናቱ ጉልበት ላይ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ ያየኛል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ተረጋግቶ የተነሳው ያን ቀን ብቻ ነው። ተጫንኩ። ሠላሳ ስድስት ጊዜ ተጫንኩ፤ ሁሉንም፣ ከዚያ በየቤተሰቡ፣ ከዚያ እሱንና እናቱን ብቻ። በሳብኩ ቁጥር ማዞሪያዋን አያታለሁ። ቆማለች።

በማግስቱ ወደ ቡታጅራ በሚኒባስ ስንመለስ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ "ዘንድሮ ጃኬቴ ተቆልፏል አይደል?" አለኝ። እንዴት ልንገረው? ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገም ነገ አልኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ጫማውን ሲያደርግ ወደቀ። አልተነሳም።

ለቅሶው ላይ የተሰቀለው የመታወቂያ ፎቶው ነው። የአገሩን ሰው ሁሉ ያነሳ ሰው፣ የቀበሌ ፎቶ ተጎትቶና ተዛብቶ ተሰቀለለት። ሌላ ሲፈለግ፣ የእኅቱ ልጅ በዚያ መስቀል ተደብቃ በስልኳ ያነሳችው አንድ ተገኘ፤ ካሜራው ላይ ጎንበስ ብሎ መላጣውና ጀርባው ብቻ የሚታይበት። አጠገቡ ነጠላ የዘረጋች ሴት አለች፤ ወዴት እንደምታይ አውቃለሁ።

በአርባው አማቴ ጠየቁኝ። "ያ ፎቶስ? ልጄ ቁጭ ብሎ የተነሳው?"

"አዲስ አበባ ልኬዋለሁ እማማ፤ እየታጠበ ነው።"

ለገናም ጠየቁኝ። ከዚያ ታላቅ ወንድሙ ከመርካቶ ደወለ። "የሚያጥበውን ሰውዬ ስልክ ስጪኝ፣ እኔው ሄጄ አመጣዋለሁ" አለ። ስልኩን ዘግቼ ሱቁ ውስጥ ካሜራውን ከሣጥኑ አወጣሁና ክዳኑን ከፈትኩት። የፊልሙ ምላስ በአውራ ጣቱ ያስቀመጠበት ቦታ ላይ ተኝቷል፤ ከስንጥቁ አንድ ጥፍር ያህል ርቆ። ሠላሳ ስድስቱም ፎቶ ብርሃን አስቀድሞ ባቃጠለው በዚያ ቁራጭ ላይ እርስ በርስ ተደራርቧል። ከእሱ ምንም አይወጣም። የቀረው ፊልም ግን ቆርቆሮው ውስጥ እንደተጠቀለለ ነው፤ አልተነካም፤ ዛሬ ቢገባ ይሠራል። ያን ዕለት አንዲት ቃል ብናገር፣ ክዳኑን ከፍቶ መልሶ መዝጋት የደቂቃ ሥራ ነበር።

በሳምንቱ ጥያ ሄድኩ። አማቴ አልጋቸው ላይ ነበሩ፤ ባዶው ሚስማር ከፊት ለፊታቸው ግድግዳ ላይ አለ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ማዞሪያዋን፣ ማየቴን፣ ዝም ማለቴን። ቆሼንም ነገርኳቸው።

ከእኔ ጋር ሁልጊዜ በአገራቸው ቋንቋ፣ በክስታንኛ ነበር የሚያወሩት። ቋንቋውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ግን በአማርኛ መለሱልኝ፣ እንደ እንግዳ።

"ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?" አሉ። "ጠፋ ብትዪኝ ጠፋ ብዬ እተኛ ነበር። አሁን በየቀኑ አንቺ ቆመሽ ስታዪው አያለሁ።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እውነታቸውን ነው። የነገርኳቸው ለእሳቸው ብዬ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አላናገሩኝም። በዓል ሲደርስ የሚበላ ነገር እልካለሁ፤ ይቀበላሉ፤ ሰላምታ አይመጣም። ይኸው ሌላ መስቀል እየመጣ ነው። ሚስማሩን ማንም አልነቀለውም አሉ። ባለፈው ሳምንት ታላቅ ወንድሙ ደውሎ፣ "እማማ ፎቶውን እሷ ታንሳ ብለዋል፤ በዚያው ካሜራ" አለኝ። ሌላ ያሉት ነገር እንዳለ ጠየቅሁት። የለም አለ። ምሕረት ይሁን ቅጣት አላውቅም፤ እመጣለሁ አልኩት። የማስገባው ያንኑ ቆርቆሮው ውስጥ ሳይነካ የቀረውን ፊልም ነው።

አሁን በየጠዋቱ ሱቁን ከመክፈቴ በፊት ያን የተቃጠለ የማስተማሪያ ፊልም ከመሳቢያው አውጥቼ ካሜራው ውስጥ አስገባለሁ። ምላሱን እሰካለሁ፣ እዳስሳለሁ፣ ክዳኑን እዘጋለሁ፣ እስባለሁ፤ ማዞሪያዋን አያለሁ። ስትዞር አወጣውና እንደገና እጀምራለሁ። ከዚያ በሩን ከፍቼ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ።