የልጄን ስም የተጋራችው ጊደር

ይህ የስም ጉዳይ በጠቅላላው ሁለት ጆንያ የቡና ገለባ፣ አንድ ጆንያ ጨው፣ የመኪና ኪራይና የሚስቴን ረጅም ኩርፊያ አስወጥቶኛል። ከሁሉም የከበደው ኩርፊያው ነው።

ዘመኑ ደርግ ነው። ጂንካ ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። ከደጋው ከገዘር የቡና ገለባ ሰብስቤ ቆላ ወይጦ አወርዳለሁ፤ የዚያ አገር ከብት አርቢዎች በናዎች አፍልተው ይጠጡታል። ስመለስ ፍየልና ማር ይዤ እመጣለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ሴት ሆና ስትወለድ ሰፈሩ ልጆቹን በሙሉ በአብዮት ቃል ይሰይም ነበር። አንዱን ስትጠራ ሦስት ልጅ እየሮጠ ይመጣል። እኔ ደግሞ ነጋዴ ነኝ፤ በየሱቁ የሞላ ዕቃ ስንት እንደሚያወጣ አውቃለሁ። አንድ ሽማግሌ ቄስ ለምኜ ከአሮጌ የብራና መጽሐፍ ማንም ያልሰማውን ስም አስወጣሁ። እዚህ አልጽፈውም። የስሙ ባለቤት ልጄ ዛሬ ትልቅ ሰው ናት፤ ሳላስፈቅድ ብጽፈው ታስከፍለኛለች።

ስሙ መሃሉ ላይ ከንፈር ገጥሞ የሚፈነዳ ፊደል አለበት። የቀበሌው ጸሐፊ አለስልሶ አለፈው። አማቴ ጭራሽ «ልጅቱ» ብላ ቀረች። የአሪ ተወላጇ ጎረቤታችን መጨረሻውን እየጎተተች እንደ ዘፈን ትለዋለች። ሚስቴ አንዱንም ሳታርም አታልፍም።

«እትዬ፣ እሱን ፊደል ጠበቅ ያድርጉት እንጂ» ትላታለች ጎረቤታችንን።

«ጠበቅ ካደረግኩት ጥርሴ ይወልቃል። የቀሩኝም ጥቂት ናቸው።»

ወይጦ ላይ በጓደኝነት ቃል የተሳሰርኩት የበና ሰው ነበረኝ። እንዲህ ያለ ወዳጅ ከወንድም አያንስም። ቤቱ ታድራለህ፣ የገዛሃቸውን ፍየሎች ይጠብቅልሃል። ያለ እሱ ገበያ ብትወጣ ዕቃህን ዘርግተህ ፀሐይ ሞቀህ ትመለሳለህ። የልጄን ስም ስነግረው ደስ አለው። በሚቀጥለው ጉዞዬ በረቱ ወስዶ አንዲት ቀይ ጊደር አሳየኝና በልጄ ስም ጠራት። ክብር መሆኑ ገብቶኛል። ቤቴ ገብቼ እንደ ምሥራች ማውራቴ ነው ጥፋቱ።

«የልጄን ስም ለላም?» አለች ሚስቴ።

«ላም አይደለችም፣ ጊደር ናት።»

ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር። «ወይ ጊደሯ ስም ትቀይራለች፣ ወይ ልጄ። ክርስትና ሳትነሳ ይለይለት» ብላ አኮረፈች። ወዳጄን ስሙን መልስ ብለው ወዳጅነታችን ያበቃል፤ ዝም ብል ደግሞ ልጄ ከሰፈሩ ስሞች አንዱን ልትለብስ ነው። ኩርፊያው አልበርድ ሲል ገለባና ጨው ለእጅ መንሻ ጭኜ እናትና ልጅን ይዤ ወይጦ ወረድኩ።

ወዳጄ ሕፃኗን አየና በቀጥታ ወደ በረቱ መራን። ጊደሯን ሲጠራት ቀና አለች። በራሱ አነጋገር ነው የጠራት፤ ያ የሚፈነዳው ፊደል የትም የለም። ሚስቴን አየኋት። አላረመችውም።

«ወንድሜ፣ የሰው ስም ለከብት ለምን ሰጠህ?» አለችው።

«ጥሩ ስም ነው» አላት። «ጥሩ ስም ለፍየል አይሰጥም። ፍየል ይሸጣል፣ ይታረዳል። ይቺ አትሸጥም፣ አትታረድም። ልጅሽ የኔም ልጅ ናት። ጊደሯም የሷ ናት።»

ሚስቴ ጊደሯን ከቀንድ እስከ ጭራ አየቻት። እሷም የነጋዴ ልጅ ናት።

«ጥጃዎቿስ?»

«የሷ ናቸው እንጂ የማን ይሆናሉ?»

«እንግዲያው ስሙ ይቆይ» አለችና ልጅቷን አሳቀፈችው።

ጂንካ ስንመለስ ወሬውን ከእኔ ቀድማ ያዳረሰችው እሷው ናት። ከብት የሚያመጣ ስም ነው ተባለ። በዓመቱ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ለሴት ልጁ አወጣው፤ የአሪዋ ጎረቤታችንም ለልጅ ልጇ ሰጠችው፣ መጨረሻውን እንደጎተተችው። ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ በአንድ ክፍል ሦስት ሆኑ። ጓደኞቻቸው የሚለዩዋቸው በአጠራር ነበር፤ የለሰለሰችው፣ የተጎተተችውና የጠበቀችው እየተባለ። ቄሱ በመንገድ ሲያገኙኝ «ልጄ፣ ብቻዬን ይሁንልኝ ብለህ አልነበረም?» ብለው ይስቁብኛል።

ደርግ እስኪወድቅ ጊደሯ አራት ወልዳለች፤ አራቱም የልጄ ናቸው። ስሙ የሰፈሩ ነው። ለእኔ የቀረ የለም።